የ1909 ፎቶ እንዴት ከለር ይሆናል? ውሃው ላይ ያለው ቀይ አረንጓዴስ ምንድነው?

ጠያቂው_በዛ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ስጎረጉር የድሮ ፎቶዎች ስብስብ ውስጥ ገባሁና እዛው ነጋብኝ። አንዱ በፈረንጆቹ 1909 ራሺያ ውስጥ የተነሳ ነው ይላል፣ ሦስት የገጠር ልጃገረዶች ፍሬ በሳህን ይዘው ቆመዋል፣ ቀሚሳቸው ከመድመቁ የተነሳ ባለፈው ሳምንት የተነሳ ነው ሚመስለው። ያኔ እኮ ዛሩ ገና ዙፋን ላይ ነው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ራሱ አልተጀመረም። እኔ ልጅ ሆኜ ድሮ ዓለም ራሷ ጥቁርና ነጭ የነበረች ነበር ሚመስለኝ ሃሃሃ።

ለጓደኛዬ ስልክለት "ባክህ ኤአይ ነው የቀባው" ብሎ ገላገለኝ። ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። እዛው ስብስብ ውስጥ ወንዝ ያለባቸው ፎቶዎች አሉ፣ ድንጋዩ ዛፉ ቤቱ ሁሉ ጥርት ብሎ ውሃው ላይ ብቻ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ጭረት ጭረት አለው፣ ቤንዚን የፈሰሰበት ኩሬ በሉት። ማሽን ቢቀባው ኖሮ ውሃውን ሰማያዊ ያረገዋል በቃ፣ ማን ውሃ ቀይ ይቀባል?

እና ያኔ ከለር ፊልም ነበረ እንዴ? ከነበረስ ለምንድነው ከዛ በኋላ ስንት አስር ዓመት ሰው በጥቁርና ነጭ ሲነሳ የኖረው? እግረ መንገዴን ደሞ ሁሌ ሚገርመኝን ልጠይቅ፣ ከለር ቲቪ ሲጀመር አሮጌ ጥቁርና ነጭ ቲቪ የነበረው ሰው ያንኑ ስርጭት እንዴት ማየት ቻለ? ሲግናሉ ተቀይሮ የለ?

ጨለማ_ክፍል፦

ጓደኛህ ተሳስቷል፣ አንተ ደሞ የጠረጠርከው ልክ ቦታው ላይ ነው። ያ ውሃ ራሱ ማስረጃ ነው።

ፎቶግራፈሩ ሰርጌይ ፕሮኩዲን-ጎርስኪ ይባላል፣ ዛሩ ዳግማዊ ኒኮላይ ፈቅዶለት የባቡር ፉርጎ የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ተደርጎ ተሰርቶለት ከ1909 ጀምሮ ግዛቱን የዞረ ሰው ነው። ካሜራው ውስጥ ከለር ፊልም ሚባል ነገር የለም። ያለው ረጅም መስታወት ነው፣ 9 በ24 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የተቀባው ኬሚካል ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው ሚያወጣው። እሱ ላይ ያንኑ ነገር ሦስቴ ያነሳዋል፣ አንዴ በሰማያዊ ፊልተር፣ መስታወቷን ገፋ አርጎ በአረንጓዴ፣ እንደገና ገፋ አርጎ በቀይ። ሲታጠብ ከላይ ወደታች የተደረደሩ ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎች ይወጣሉ፣ ላዩን ስታያቸው አንድ አይነት ናቸው። ግን ቀይ ቀሚሷን ብቻ ነጥለህ ብታይ በቀይ ፊልተር የተነሳው ላይ ፈካ ብላ በሰማያዊው ላይ ጠቁራ ነው ምታገኛት። ከለሩ ያለው እዛ ልዩነት ውስጥ ነው።

ለማየት ደሞ ሦስት ሌንስ ያለው ፕሮጀክተር ነበረው፣ እያንዳንዱን ምስል በየራሱ ፊልተር አሳልፎ ግድግዳ ላይ አንዱን ባንዱ ላይ ይጥላቸዋል፣ ተመልካቹ ከለር ያያል። ወደ 1,900 የሚሆኑ ኔጋቲቮቹን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1948 ከወራሾቹ ገዛቸው፣ ኋላ ስካን ተደርገው ሦስቱ ኮምፒውተር ላይ ተደራረቡ። ስለዚ ኮምፒውተር ነክቶታል ግን አንዲት ቀለም ከራሱ አልጨመረበትም።

አሁን ወደ ውሃህ። ሦስቱ ፎቶዎች በአንድ ጊዜ አልተነሱም፣ በመሃላቸው ሰከንዶች አሉ። ድንጋይ አይንቀሳቀስም፣ ሦስቱም ላይ እዛው ነው፣ ይገጥማል። ውሃ ግን አይጠብቅህም፣ በሰማያዊው ጊዜ እዚ የነበረው ሞገድ በቀዩ ጊዜ እዛ ሄዷል፣ ስለዚ ሲደራረብ ብቻውን ቀይ፣ ብቻውን ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ደህና አርገህ ፈልግ፣ ዝም ብሎ መቆም ያቃተው ሕፃን ካለ ጫፍ ጫፉ ላይ ያንኑ ታያለህ። ጭስም እንደዛው።

ዝም_አልልም፦

እሺ ቆይ ግን ድሮም እኮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ በብሩሽ ይቀቡ ነበር፣ ከንፈሯን ቀላ ጉንጯን ቀላ እያረጉ፣ ያ ከፎቶ መፈልሰፍ ጋር እኩል ነው የጀመረው ማለት ይቻላል። ስለዚ የድሮ ከለር ፎቶ ባያችሁ ቁጥር በሦስት ፊልተር ነው አትበሉ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ቅብ ናቸው።

ጨለማ_ክፍል፦

@ዝም_አልልም እውነትህን ነው፣ ቅቡ በጣም ብዙ ነው። ምትለየው ግን ቀላል ነው። ቀቢው ጥላ ውስጥ ያለውን ከለር አይደክምበትም፣ ቀሚሱን ባንድ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፣ የጨርቁ እጥፋት ውስጥ፣ እጇ ላይ ያረፈው የቀሚሱ ነጸብራቅ፣ እነዚ አይቀቡም። በፊልተር የተነሳው ላይ እነዚ ሁሉ አሉ፣ ማንም ሳያስብባቸው።

የሦስት ፊልተሩ ሀሳብ ራሱ የፕሮኩዲን-ጎርስኪ አደለም። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው በ1855 የጻፈው፣ የኤሌክትሮማግኔቱ ማክስዌል አዎ እሱ። በ1861 ለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ ቶማስ ሳተን ያነሳለትን የስኮትላንድ ቼክ ሪባን በሦስት ፕሮጀክተር ደራርቦ አሳየ። እና እዚጋ እኔ በጣም ምወደው ታሪክ አለ። የዛን ጊዜ ኬሚካል ቀይ ብርሃን አያይም፣ ጭራሽ። በቀይ ፊልተር ያነሱት መስታወት ላይ ምንም መውጣት አልነበረበትም። ግን ወጣ! ለ100 ዓመት ያክል ማንም አላስተዋለውም፣ በ1961 የፊልም አምራቹ ኮዳክ ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ነው የገባቸው፣ ሪባኑ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ለዓይን ማይታይ አልትራቫዮሌትም ያንጸባርቅ ነበር፣ የሳተን ቀይ ፊልተር ደሞ አልትራቫዮሌት ያሳልፍ ነበር። ቀዩ ነው ብለው ያሳዩት ነገር በሌላ በር የገባ እንግዳ ነው። ሌላ ቀይ ነገር ቢያነሱ ኖሮ ባዶ ሊወጣ ይችል ነበር፣ ምናልባት ማክስዌልም ሀሳቡን ይተወው ነበር።

"ለምን ቶሎ አልተስፋፋም" ላልከው አንዱ መልስ ይሄው ነው። ኬሚካሉ ቀይና አረንጓዴን ማየት የጀመረው ሄርማን ቮገል በ1873 ማቅለሚያ ሲቀላቀልበት እንደሚነቃ ካገኘ በኋላ ነው፣ ጥሩ አርጎ ቀይ እስኪያይ ደሞ ሌላ 30 ዓመት ገደማ ፈጀ።

ሌላው ምክንያት ሦስቴ ማንሳት ራሱ ነው። ሰው ሁሉ ትሪፖድና ሦስት ሌንስ ያለው ፕሮጀክተር ይዞ አይዞርም። ይቺን የፈቱት የሲኒማዎቹ ሉሚየር ወንድማማቾች ናቸው፣ በድንች። ቀልድ አደለም። የድንች ስታርች ዱቄት ወስደው ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፣ አንዱን ብርቱካናማ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ ይነክሩታል፣ ደባልቀው ማጣበቂያ የተቀባ መስታወት ላይ አንድ ድርብ ብቻ ይነሰንሱታል፣ ይዳምጡታል፣ በፍሬዎቹ መሃል የቀረችውን ክፍተት በከሰል ብናኝ ይደፍኗታል፣ ከዛ ላዩን ጥቁርና ነጩን ኬሚካል ይቀቡታል። አንዷ ፍሬ ከሚሊሜትር መቶኛ ብዙም አትበልጥም። እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ ፊልተር ሆነች ማለት ነው፣ ሦስቴ ማንሳት ቀረ። አውቶክሮም ይባላል፣ ፓተንቱ 1903፣ ገበያ የወጣው 1907።

አንድ እውነተኛ አውቶክሮም በእጄ ይዤ አውቃለሁ። በባዶ ዓይን ሲታይ ለስላሳ ነው፣ የውሃ ቀለም ሥዕል ይመስላል። ማጉያ መነጽር ሳደርግበት ፊቱ ጠፋ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ብቻ፣ በዘፈቀደ የተበተነ፣ አንዳንድ ቦታ አንድ አይነት ከለር ያላቸው ፍሬዎች ተጠጋግተው እብጠት ሰርተዋል። ችግሩ ብርሃን ይበላል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳን ሰከንድ ወይ ከዛ በላይ መቆም አለብህ፣ ውጤቱም አንድ መስታወት ብቻ ነው፣ እንደ ኔጋቲቭ አንስተህ ለዘመድ አዝማድ ምታትመው አደለም። ከለር ለተራው ሰው መቅረብ የጀመረው ኮዳክሮም የሚባለው የኮዳክ ከለር ፊልም በ1935 ሲመጣ ነው፣ እሱንም የፈለሰፉት ሁለት ሙዚቀኞች ናቸው፣ ማንስ ፒያኒስት ጎዶውስኪ ቫዮሊኒስት፣ ጨለማ ውስጥ ሰዓት ማየት ስለማይቻል ብራምስን እያፏጩ ደቂቃ ይቆጥሩ ነበር ሚባልላቸው። ቲቪውን ለሚያውቅ ልተወው፣ ጋሼ የት ናቸው?

ጋሼ_ሶልደር፦

አለሁ አለሁ። ልጄ ጨለማ ክፍል ጥሩ አርጋ አስረዳችሁ፣ እኔ ቲቪ ስጠግን ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት ስለዚ ከተንዛዛሁ ይቅርታ።

"ሲግናሉ ተቀይሮ የለ" ያልከው ጥያቄ አሜሪካኖቹን ራሳቸውን ያፋጀ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የተፈቀደው እኮ በእርግጥም አሮጌውን ቲቪ ባዶ ሚያስቀር ዘዴ ነበር። ሲቢኤስ የሚባለው ጣቢያ ፒተር ጎልድማርክ የሰራውን ይዞ መጣ፣ በጥቁርና ነጩ ስክሪን ፊት ቀይ ሰማያዊ አረንጓዴ ፊልተር የተገጠመበት ክብ ሰሌዳ በሞተር ይሽከረከራል፣ በደቂቃ 1,440 ጊዜ፣ ካሜራው ፊትም እንደዛው ሌላ ይሽከረከራል፣ ሁለቱ እኩል መሄድ አለባቸው። ያ ራሺያዊ ሦስቴ ያነሳውን እነዚ በሰከንድ 144 ጊዜ ያነሱታል በሉት፣ ዓይን ተታሎ ያዋህደዋል። ምስሉ ቆንጆ ነበር አሉ። ግን ሰሌዳው የስክሪኑን ሁለት እጥፍ ማከል አለበት፣ ስክሪኑ በተለቀ ቁጥር ሳሎንህ ውስጥ የፋብሪካ ማራገቢያ ተከልክ ማለት ነው። መንግሥት በጥቅምት 1950 አጸደቀው፣ ሰኔ 1951 ስርጭት ጀመሩ፣ በሕዝቡ እጅ ያለው በሚሊዮን የሚቆጠር ቲቪ ግን ያንን ማንበብ አይችልም፣ ማን ይይላቸው? በአራት ወር ውስጥ ቆመ፣ የኮሪያ ጦርነት ነው ምክንያቱ ተባለ።

ተፎካካሪው አርሲኤ ነበር፣ የእነሱ መንገድ ነው በታኅሣሥ 1953 ኤንቲኤስሲ ተብሎ የጸደቀው፣ ብልሃቱ እዚጋ ነው። ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊን ለየብቻ አትላክ። መጀመሪያ ሦስቱን አዋህደህ አንድ የብሩህነት ሲግናል ስራ፣ 59 ከመቶ ከአረንጓዴው፣ 30 ከቀዩ፣ 11 ከሰማያዊው፣ ዓይናችን የሚያየው በዛ ሚዛን ስለሆነ። ይሄ ሲግናል ራሱ ድሮ የነበረው ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፣ አሮጌው ቲቪ እሱን አንብቦ ደስ ብሎት ይቀመጣል። ከለሩ ደሞ "ከዚ ብሩህነት ላይ ቀዩ ስንት ይጨመር ሰማያዊው ስንት ይቀነስ" የሚል ማስታወሻ ብቻ ሆኖ 3.58 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ በዛው ሲግናል ክፍተቶች መሃል ይሸጎጣል። ማስታወሻው ደቃቃ ዝርዝር አያስፈልገውም፣ ዓይን ጠርዝና መስመር የሚለየው በብርሃንና በጥላ ነውና ከለሩ ብዥ ቢልም አይታወቅም። ዛሬ በስልካችሁ ምታዩት ቪዲዮ ራሱ ይቺኑ ዘዴ ነው ሚጠቀመው፣ ከለሩን አሳንሶ ነው ሚያስቀምጠው።

አንድ ደካማ ጎን ነበረው። ምን አይነት ከለር ነው ሚለው የሚላከው በሞገዱ አጀማመር ነው፣ ፌዝ እንለዋለን። መንገድ ላይ ትንሽ ከተዛነፈ የዜና አንባቢዋ ፊት አረንጓዴ ይሆናል፣ ለዚ ነው የአሜሪካ ቲቪ ላይ የፊት ቀለም ማስተካከያ ቁልፍ የነበረው። ጀርመናዊው ዋልተር ብሩክ ፓል በሚባለው የራሱ የከለር ቲቪ ዘዴ ያረገው በየአንዱ መስመር ፌዙን እየገለበጠ መላክ ነው፣ ስህተቱ በአንዱ መስመር ወደ ቀይ ቢወስድ በሚቀጥለው ወደ አረንጓዴ ይወስዳል፣ ሁለቱን ስታማክላቸው ይጣፋሉ። ለማማከል ግን ያለፈውን መስመር ይዘህ መጠበቅ አለብህ፣ 64 ማይክሮ ሰከንድ። ሜሞሪ በሌለበት ዘመን እንዴት? ሲግናሉን ወደ ድምፅ ሞገድ ቀይረው ቁራጭ መስታወት ውስጥ ይለቁታል፣ ግድግዳውን እየነጠረ ዞሮ እስኪወጣ በትክክል ያን ያክል ይቆያል። ቲቪ ከፍታችሁ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጠፍጣፋ ነገር ካያችሁ እሷ ናት። ስንቱን ሰው ይቺ ምንድናት ብሎኝ "መስታወት ናት፣ ከለሩን ቁም በለው ትይዘዋለች" ብዬው አላምን ብሎኛል።

በነገራችን ላይ ምዕራብ ጀርመን ነሐሴ 25 ቀን 1967 ከለር ስትጀምር የያኔው ምክትል መራሔ መንግሥት ዊሊ ብራንት በቀጥታ ስርጭት ትልቅ ቀይ ቁልፍ እንዲጫን ተደርጎ ነበር፣ ጣቱ ሳያርፍ ከለሩ ቀድሞ መጣ። ቁልፉ ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ የኛ ሙያ ባልደረባ ቸኩሎ ነው ኋላ ሆኖ የለቀቀው። እስካሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል።

ዝም_አልልም፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድ ነገር ግን፣ የድሮው ቲቪ ጎን ስፒከር ሲቀመጥ ጥጉ ለምን ወይን ጠጅ ይሆን ነበር? ልጅ ሆኜ በዛ ተገርፌያለሁ 😂

ጋሼ_ሶልደር፦

ሃሃ ስንቱን አስተካክያለሁ መሰለህ። የከለር ቱቦ ውስጥ ሦስት የኤሌክትሮን ጠብመንጃ አለ፣ ስክሪኑ ከውስጥ ፎስፈር በሚባል፣ ጨረር ሲመታው በሚያበራ ዱቄት ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ነጥቦች ተዘርቷል፣ በመሃል ደሞ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት አለ። ሦስቱ ጨረሮች በተለያየ አቅጣጫ ስለሚመጡ በአንዷ ቀዳዳ ሲያልፉ እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ብቻ ይመታል። ማግኔት ስታስጠጋ ጨረሩ ጎበጥ ይልና የቀዩ የጎረቤቱን ይመታል። ብሶ ብረቱ ራሱ ማግኔት ይሆናል፣ ስፒከሩን ብታነሳውም ቀለሙ እዛው ይቀራል። አንድ ደንበኛ "ቱቦው ተቃጥሏል አዲስ ልግዛ" ብሎ ይዞልኝ መጣ፣ የሽቦ ጥቅሌን አብርቼ ፊቱ ላይ እያዞርኩ ቀስ ብዬ ስሸሽ እንደ ጭጋግ እየሳሳ ለቀቀ፣ ሰውዬው አስማት ነው አለ። ቲቪው ሲበራ "ቡንን" ይል የነበረው ድምፅም እሱ ነው፣ በየጊዜው ራሱን ያጸዳ ነበር።

ፕሪዝም፦

ዘግይቼ ገባሁ ግን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እስካሁን ያላችሁት ሁሉ ስታዩት ማንም ከለርን ራሱን አልያዘም፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ ይዞ ኋላ በፊልተር ነው ያቀለመው፣ ኮዳክሮምም ውስጡ ሦስት ጥቁርና ነጭ ድርብ ነው፣ ማቅለሚያው በእጥበት ጊዜ ነው ሚገባው። የስልካችሁ ካሜራም እንደዛው፣ ሴንሰሩ ከለር አያውቅም፣ ብራይስ ቤየር በ1976 ፓተንት ያወጣበት ጥቃቅን ፊልተር ነው ላዩ ላይ ያለው፣ ሁለት አረንጓዴ አንድ ቀይ አንድ ሰማያዊ፣ ሥርዓት የያዘ ድንች በሉት።

አንድ ሰው ግን ከዚ ይወጣል፣ ጋብሪየል ሊፕማን፣ በ1891። እጅግ ደቃቅ ኬሚካል የተቀባ መስታወት ከጀርባው ሜርኩሪ ያስነካዋል፣ ብርሃኑ ገብቶ ከሜርኩሪው ተንጸባርቆ ሲመለስ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ የቆመ ሞገድ ይሰራል፣ ኬሚካሉ ውስጥ ያለው የብር ማዕድን በሞገዱ ልክ ድርብ ድርብ ሆኖ ይቀመጣል። ኋላ ነጭ ብርሃን ስታሳርፍበት ያንኑ የሞገድ ርዝመት መልሶ ይሰጥሃል፣ ቀለም ሚባል የለበትም፣ እንደ ሳሙና አረፋ ነው። በ1908 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመበት። ግን ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች መቆም፣ ለማየት አንግሉን መፈለግ፣ ኮፒ አለመቻል... ሽልማቱን ወሰደ፣ ገበያውን ድንቹ ወሰደው።

እና ጋሼ የቀበሯት የምትሽከረከር ሰሌዳ ከሞት ተነስታለች። በ1969 አፖሎ 10 ከለር ቲቪ ከህዋ ሲያስተላልፍ ካሜራው ውስጥ የነበረችው እሷ ናት፣ አንድ ቱቦ ብቻ ስለምትፈልግ ቀላልና ትንሽ ናት፣ ወደ ተለመደው ሲግናል ሚቀይሩት ምድር ላይ ነበር። አፖሎ 12 ደሞ ይዟት ጨረቃ ወርዶ ወዲያው ካሜራው ወደ ፀሐይ ዞረባቸውና ተቃጠለ፣ ስርጭቱ በዛው አበቃ።

ጠያቂው_በዛ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች ሥራ አስፈታችሁኝ። ማመን አቅቶኝ ዛሬ ራሴ ሞከርኩት። የስጦታ መጠቅለያ ላስቲክ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ አገኘሁ፣ ስልኩን በመጽሐፍ ደግፌ አቆምኩት፣ ጥቁርና ነጭ ሞድ ላይ አርጌ አንድ ቲማቲም፣ አንድ ቃሪያና አንድ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ክዳን ሦስቴ አነሳሁ። በቀዩ ላስቲክ ያነሳሁት ላይ ቲማቲሙ ነጭ እንቁላል መሰለ ክዳኑ ጠቆረ፣ እዛጋ ነው የጨለማ ክፍል ነገር የገባኝ። ከዛ ኤዲቲንግ አፕ ላይ ሦስቱን በየቻናላቸው ከተትኳቸው፣ ስክሪኑ ላይ ከለር ሲመጣ ብቻዬን ጮህኩ። ከጀርባው መጋረጃው በንፋስ ተንቀሳቅሶ ስለነበር ጫፉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጭረት አለ፣ ልክ እንደ ወንዙ! ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ፣ አንብቦ ዝም ብሏል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ቃሪያው ልክ ነው፣ ክዳኑም ልክ ነው፣ ቲማቲሙ ግን ወደ ሮዝ ሄደብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

ጋሼ_ሶልደር፦

አላጠፋህም፣ ላስቲክህ ነው። ሰማያዊ መጠቅለያ ቀይም ሾልኮ ያሳልፋል፣ ስለዚ ቲማቲሙ በሰማያዊውም ቻናል ውስጥ ገብቷል፣ ቀይና ሰማያዊ ሲደመር ሮዝ ነው። ሰማያዊውን ሁለት ሦስት እጥፍ አርገህ ደግመህ አንሳው፣ ይጨልማል ግን ስልኩ ራሱ እንዳያስተካክለው ብርሃኑን ቆልፈው። መስኮቱንም ዝጋ።